ስሞቹ እስኪያልቁ

ኤዲተሯ የተገደለችው በሽልማት ዋንጫ ነበር። የእምነበረድ መቆሚያ ያለው፣ ወርቅ መሳይ ቀለም የተቀባ፣ «የዓመቱ ምርጥ ፊልም» የሚል የተጻፈበት ዋንጫ። በሕይወት ሳለች በሩ እንዳይዘጋባት መደገፊያ አድርጋው ነበር። ኢንስፔክተሩ ይህን ከጽዳት ሠራተኛዋ ሲሰማ ሟቿን ሳያውቃት ወደዳት።

ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች፣ ተጀምሮ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ግድግዳው ላይ የተለጣጠፉ ቢጫ ወረቀቶች። ሴትየዋ ከወንበሯ ወድቃ ጠረጴዛው ሥር ተኝታለች፤ ማዳመጫው አንገቷ ላይ እንዳለ ነው። ከኮምፒውተሩ ጎን አንድ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ መሰካት የነበረበት ሃርድ ዲስክ የለም።

ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ኢንስፔክተሩን እንዳየ ጠጋ አለ።

«መሣሪያው አልተነካም አይደል?»

«ሰው ሞቷል» አለው ኢንስፔክተሩ።

«አይቻለሁ እኮ፣ ነፍሷን ይማር። ግን ስንት የለፋንበት ሥራ ነው እዚያ ውስጥ ያለው።»

ኢንስፔክተሩ ፊቱን አዞረበት። በሥራ ዘመኑ ብዙ ሬሳ አይቷል፤ ሬሳ አቅለሽልሾት አያውቅም። እሱን የሚያቅለሸልሹት ሬሳው ዙሪያ የሚቆሙት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ተኩስና ድብድብ የሞላበት አንድ ፊልም በሁለት ክፍል ወጥቶ ነበር። ክፍል አንድ የሚያልቀው ጀግናው ከረጅም ሕንፃ ጣሪያ ሲወድቅ ነው፤ ክፍል ሁለት የሚጀምረው ያንኑ አወዳደቅ በሌላ በኩል መልሶ በማሳየት ነው። በመሀሉ ተመልካቹ «ሞተ፣ አልሞተም» ሲከራከር ከርሟል። አሁን ዳይሬክተሩ ሁለቱን ክፍል ገጥሞ፣ ያኔ ተቆርጦ የወደቀውን መልሶ፣ «እኔ እንዳሰብኩት» እያለ እንደ አንድ ፊልም ሊያወጣው ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ለጥቂት ተጋባዦች በሕንፃው ምድር ቤት ባለችው ትንሽ አዳራሽ ታየ። ኤዲተሯ አልወረደችም። «በአፍንጫዬ ሊወጣ ነው፣ እናንተ እዩት» ብላ ከላይ ቀረች። እነሱ ታች ፊልም ሲያዩ አንድ ሰው ወደ እሷ ወጣ።

የኢንስፔክተሩ ረዳት ሳጅኗ ቆፍጣና ናት፤ ነገር ቶሎ ይቋጠርላታል። ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አለቃ፣ ይሄ ጉዳይ አልቋል። ሬሳውን ያገኘችው ሴትዮ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ደም አለ። ዘበኛው አዳራሽ አትገቢም ብሎ መልሷት በጓሮ ደረጃ ሹልክ ብላ ነው የወጣችው። ዱሮም እነዚህን ሰዎች በራቸው ላይ ቆማ ረግማቸዋለች አሉ።»

«ዱሮ ለምን ረገመቻቸው?»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«ጠይቂያት እንጂ እህቴ።»

ሴትየዋ ታችኛው ደረጃ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ለብሳ የመጣችው ለፊልም ነው፤ ጫማዋ ተወልውሏል። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ባሌ የብረቱ ምትክ ነበር» አለችው ሳይጠይቃት። ብረቱ የሚሉት የፊልሙን ዋና ተዋናይ ነው። «ሲወድቅ፣ ሲቃጠል፣ በመስኮት ሲዘል፣ እሱ የምትሉት ሁሉ ባሌ ነው። ክፍል ሁለትን ሲሠሩ ገመድ ተበጥሶ ሞተ። ሰክሮ ነው የዘለለው አሉኝ። አፉም ልብሱም መጠጥ ይሸታል አሉ፤ ሽታው በቃቸው፣ ደሙን እንኳ የመረመረ የለም። ባሌ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ልጄን እስከ ዛሬ ትምህርት ቤት የሰካራም ልጅ ይሉታል።»

«ዛሬ ምን አመጣሽ?»

«እሷ ናት የጠራችኝ። ‹ነይና ፊልሙን እዪ፤ ስሞቹ እስኪያልቁ ግን እንዳትነሺ› አለችኝ። እኔ መቼም አልነሳም። ያኔም ሁለቱንም ክፍል ገብቼ፣ መጨረሻ ላይ የሠሩት ሰዎች ስም ሲወርድ የሱም ይወጣል ብዬ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ተቀምጬ ነበር። አልወጣም።»

ኢንስፔክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፍል ሁለት መጀመሪያ ላይ ያለው አወዳደቅ…»

«የእውነቱ ነው» አለች። «መሬት ሳይነካ ቆረጡት። ሰዉ አጨበጨበ።»

ሳጅኗ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሴትየዋን ወደ ጣቢያ ወሰዷት፤ ካቴና ግን አላስገቡላትም።

ታች የነበሩትን ሳጅኗ እርስ በርስ እንዳያወሩ ለየብቻ አስቀምጣቸዋለች። ኢንስፔክተሩ በብረቱ ጀመረ። ብረቱ ቁመናው እንደ ስሙ ነው። ፊልሙ ላይ የሚለብሰውን እስከ ጉልበት የሚወርድ የቆዳ ኮት ለብሷል፤ ክፍሉ ይሞቃል፣ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል፣ እሱ ግን አንድ ቁልፍ እንኳ አልፈታም።

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም» አለ። «እንዴት አድርጋ እንደገጠመችው ብታይ። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አይታወቅም፣ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ።»

«ምኑ ላይ?»

«አወዳደቁ ላይ ነዋ። እኔው ነኝ እኮ የዘለልኩት። ምትክ ምናምን አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ የተወለወለውን ጫማ አስታወሰ። ሰውየውን እዚያው በጥፊ ቢለው ደስ ይለው ነበር፤ አመስግኖት ወጣ።

ዳይሬክተሩ ሲገባ ስለ ሟቿ ያነሳው ነገር የለም። «መጀመሪያ ያንን ፊልም የሚያሳየውን ሽማግሌ እሰርልኝ። መጋጠሚያዋ ላይ፣ ልክ ልክ መጋጠሚያዋ ላይ፣ የአዳራሹን መብራት ቦግ አደረገብኝ። የደከምኩት በሙሉ ለዚያች ቦታ ነበር። ገደለኝ እኮ።»

«ላንተ ሞት ሌላ መርማሪ ይላካል» አለው ኢንስፔክተሩ። «ምትክ ሆኖ ሲሠራ የሞተው ሰውዬስ?»

«እሱ ያሳዝናል። ግን አወዳደቁን አይተሃል? እንዲህ ያለ ነገር በልምምድ አይገኝም።»

ፕሮዲውሰሩ ዘንድ ሲደርስ ሰውየው ስልክ ላይ ነበር። «ፖስተሩን ቀይሩት። ‹ሕይወቷን የሰጠችበት ፊልም› በሉት፤ ፎቶዋ በጥቁርና ነጭ ይሁን» ብሎ ዘጋና ፊቱን አጠቆረ። ከአንገት በላይ ሐዘን እንዲህ በፍጥነት ሲለበስ ኢንስፔክተሩ አይቶ አያውቅም።

«ማንም ከአዳራሽ አልወጣም» አለ ፕሮዲውሰሩ። «ብረቱም ከፊቴ ነበር፤ ኮቱን ስመለከት ነው የቆየሁት። መብራቱ የበራ ጊዜ እኔ ራሴ ጫማዬን አውልቄ ተገኝቼ ተዋርጃለሁ። ሁሉም ዞሮ ሽማግሌውን ሲሰድብ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ አስከፊ ሰዎችን አንድ በአንድ ሲሰማ ውሎ እጅ እጅ ብሎታል። ነፋስ ለመቀበል ደረጃውን ሲወጣ ግን አንድ ነገር እግሩን ያዘው። ዳይሬክተሩም ፕሮዲውሰሩም መብራቱን ረግመዋል። ፊልም ማየት ቀርቶ ጫማውን አውልቆ ሲያንቀላፋ የነበረው እንኳ አልረሳውም። ዞሮ ወደ ማሳያው ክፍል ሄደ።

ሽማግሌው ማሳያው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተጨማደው ተቀምጠዋል። ሊያስራቸው የመጣ መስሏቸው ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ አባባ። መብራቱን ለምን አበሩት?»

«እጄ ነው ልጄ፣ እኔ አይደለሁም። ክፍል አንድን ስንትና ስንት ጊዜ አሳይቼዋለሁ። ሰውየው ከጣሪያ ሲወድቅ መብራት አበራለሁ፣ ሰው ይወጣል። አሁን ይቀጥላል ብለውኛል፣ ሰምቻለሁም። ሰውየው ሲወድቅ እጄ ሄደ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። በዚህች መስኮት ቁልቁል ሳይ ሁሉም ዞሮ ይሰድበኛል።»

«ሁሉም?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ያ ትልቁ አልተሳደበም፣ ብረቱ። እሱማ አልነበረም። ኮቱ ነው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰቀለው፣ ኮፍያው ከላይ። ሽንት ቤት ሄዶ ነው ብዬ ተውኩት።»

ኢንስፔክተሩ ማሳያውን አየ። ትንሿ አረንጓዴ መብራት አሁንም ትበራለች። ኤዲተሯ ለሴትየዋ «ስሞቹ እስኪያልቁ ግን እንዳትነሺ» ያለቻት ትዝ አለው።

«አባባ፣ ስሞቹ ሲወርዱስ ምን ያደርጋሉ?»

«አጠፋዋለሁ። ማን ይቆያል? የመጀመሪያው ስም ሲመጣ ሁሉም ተነሥቶ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። አርባ ዓመት ሠርቼ ስሞቹን ጨርሶ የሄደ ሰው አላየሁም።»

«አንድ ሰው አለች» አለ ኢንስፔክተሩ። «ዛሬ ግን ዘበኛው መለሳት። ከስሞቹ ጀምሮ ያጫውቱልኝ። ሳጅኗን ጠርቻት ልምጣ።»

ውጭ ገና ብርሃን ነው። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስሞቹ ወረዱ፤ የፀጉር ሠሪው፣ የሾፌሩ፣ ብርድ ልብስ ያዋሰው ሆቴል። ቀጥሎ ስክሪኑ ጠቆረ። ሳጅኗ ልትነሣ ስትል ክንዷን ያዛት።

ምስሉ ተመለሰ። ካሜራው ከታች ሆኖ ረጅሙን ሕንፃ ያያል፤ ጣሪያው ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ደረቱ ላይ ካለው የመገናኛ ሬዲዮ የሚመጣው ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የማይንቀጠቀጥ፣ የማይኮላተፍ ድምፅ።

«ገመዱ ተልጧል። ቀይሩልኝና እዘላለሁ።»

«ፀሐይዋ እየጠለቀችብኝ ነው» የሚለው የዳይሬክተሩ ድምፅ ነው።

«ጠዋት እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ» አለ ሌላ ድምፅ፤ ብረቱ ነው። «ወንድ አይደለህም እንዴ?»

ሰውየው ወደ ጠርዙ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ቀጥሎ ዘለለ። ገመዱ ተበጠሰ። ጩኸት፣ የእግር ኮቴ፣ «መኪና፣ መኪና» የሚል ድምፅ ተሰማ። በዚህ ሥራ ዳይሬክተሩ «ቁም» ሳይል ካሜራ አይቆምም፤ የዚያን ቀን «ቁም» ያለ የለም። ካሜራ የያዘው ሰው እንደበራ ጥሎት ሮጧል። ሁሉም ሮጠዋል። ከዚያ ወዲህ የቀረውን ደግሞ ያየ የለም፤ ለፊልሙ የምትፈለገው አየር ላይ ያለችው ቁራጭ ብቻ ነበረች። ኤዲተሯ አዲሱን ቅጂ ስትሠራ ነው አሮጌውን ሁሉ አውጥታ እስከ ጭራው የተመለከተችው።

ባዶው ምስል ውስጥ አንድ ባለ ኮት ሰው ገባ። የወደቀው ሰውዬ አጠገብ ተንበረከከ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ከኮቱ ኪስ ጠፍጣፋ ጠርሙስ አውጥቶ የሰውየውን ደረት አርከፈከፈው፤ ቀጥሎ አፉን። የዚያን ጊዜ የወደቀው ሰው እጅ ተነሥታ የኮቱን ጫፍ ያዘች።

ሳጅኗ «ወይኔ» አለች በሹክሹክታ።

ባለ ኮቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀ። በመጠጥ የራሰ እጁን በሰውየው ሱሪ ጠረገ። ከሩቅ አንድ ሰው «ይተነፍሳል?» ሲል ተሰማ። ባለ ኮቱ ተነሥቶ «የለም፣ ሄዷል። ሰክሮ ኖሯል» አለና ከምስሉ ወጣ። ያቺ እጅ ሁለተኛ ተነሣች። የያዛት የለም።

ሳጅኗ ቅጂውን በማስረጃነት ልትይዝ ወደ ማሳያው ክፍል ሄደች።  

ፕሮዲውሰሩ ዘንድ የገባው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ነው። «ኮቱን አየህ ወይስ ሰውየውን?»

ሰውየው ስልኩን ገለባበጠ። «ኮቱን።»

«ባዶ መሆኑን መብራቱ ሲበራ አይተሃል።»

«ፊልሙ በዚህ ሳምንት ይወጣል፤ ብረቱ ከታሰረ ማን ይገባል ብዬ ነው» አለ ፕሮዲውሰሩ፤ ይህን ሲናገር ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ብረቱ አሁንም ኮቱን እንደ ቆለፈ ነው። ኢንስፔክተሩ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መብራቱ ሲበራ ምን ታደርግ ነበር?»

«የቱ መብራት?»

በሩ ላይ የቆመችው ሳጅን አንገቷን ደፋች። ብረቱ የሁለቱን ፊት አፈራርቆ አየና አንድ ነገር እንዳመለጠው ገባው። «እ… መብራቱማ… አዎ፣ በርቶ ነበር፣ ረስቼው ነው።»

«ኮትህን አውልቅ።»

«ይበርደኛል።»

«አውልቅ አልኩህ።»

አወለቀ። ወደ ላይ ሲወጣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ራሱን አስመስሎ ትቶ ነበርና የሸሚዙ የቀኝ እጅጌ የደረቀ ደም አለበት፤ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ኮት ተከናንቦ የዋለው ለዚህ ነው። ሳጅኗ የኮቱን ኪሶች ፈተሸች። ሃርድ ዲስኩ እዚያው ነበር፤ ያኔ ጠርሙሱ የነበረበት ኪስ ውስጥ።

«ደረጃው ላይ አግኝታኝ ‹ዛሬ ሁሉም ያይሃል› አለችኝ» አለ ብረቱ ቆይቶ። «ስጪኝ ብዬ ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ዲስኩን ከወሰድኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።»

«ታች ያለው ፊልም መጨረሻ ላይ ቀጥላው ነበር። አንተም ጭብጨባውን ልትቀበል ተነሥተህ ነው ያላየኸው።»

ምስሉን ሲያሳዩት ብረቱ አንገቱን አስግጎ ራሱን ተመለከተ። ለረጅም ጊዜ አየ። ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር ጠበቀ፤ ጸጸት ባይሆን ድንጋጤ።

«ፊቴ ከጎን ነው የተነሣው» አለ ብረቱ። «በደንብ አይለይም።»

ኢንስፔክተሩ ወጥቶ እጁን ታጠበ። ምንም ሳይነካ ሁለቴ ታጠበ።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው ኮሪደር ላይ ባሏ የሞተባት ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ነፃ ነሽ ተብላለች፤ እሷ ግን ኢንስፔክተሩን ሳላይ አልሄድም ብላለች። ኢንስፔክተሩ ወደ እሷ ሲሄድ ዳይሬክተሩ ቀደመው። ተላጭቷል፣ ሽቶ ሽቶ ይሸታል።

«ኢንስፔክተር፣ ስለዚያች የፊልም ጭራ ልናገርህ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ለማስረጃ እንደያዛችኋት አውቃለሁ። መቼ ትመለስልኛለች? ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ለካ ፊልሜ ጎዶሎ ነበር። አወዳደቁ እስከ መሬት፣ ከዚያ ያቺ እጅ። ስትነሣ። አስበው እስቲ።»

ኢንስፔክተሩ ሴትየዋን አየ። ቀና አላለችም፤ ግን ሰምታለች።

«በሬዲዮ ‹ፀሐይዋ እየጠለቀችብኝ ነው› የሚለው ድምፅ ያንተ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እሱ ይቆረጣል። ድምፅ ቀላል ነው።»

«ሳጅን» ብሎ ተጣራ ኢንስፔክተሩ። «ገመዱ ተልጧል ሲባል ሰምቶ ዝለል ያለ ሰው ቃል መስጠት ይፈልጋል። ክፍል ሦስት አስገቢው። መስኮት የሌለው።»

ሳጅኗ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። ዳይሬክተሩ እየሄደም ስለ ጭራዋ ይናገር ነበር። ኢንስፔክተሩ ሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጠጥቶ ነበር?» አለችው።

«አልጠጣም። ገመዱ ተልጧል ብሎ ነበር። መጠጡን ከወደቀ በኋላ ነው ያፈሰሱበት። በጽሑፍ፣ በማኅተም እሰጥሻለሁ፤ ለልጅሽ ትምህርት ቤትም እንዲሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። የምታለቅስ መስሎት ነበር፤ አላለቀሰችም። ተወልውሎ የነበረው ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«የምን እጅ ነው ሰውየው የሚለው?»

ኢንስፔክተሩ ወለሉን አየ። «ወዲያው ነው የሞተው፣ ምንም አልተሰማውም»፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰው ሲዋሽ ሲሰማ ለከረመ ሰው መዋሸት እንዴት ይቀለዋል።

«ወንድሜ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ያ ሁሉ ሰው ዋሽቶኛል። አንተ እንኳ አትዋሸኝ።»

«በሕይወት ነበር» አለ። «እጁን አነሣ። ሁለት ጊዜ። የያዘለት የለም።»

ኮሪደሩ ላይ ሰው ያልፋል፣ አንዱ በር ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል። 

«የትኛውን እጁን?» አለች ሴትየዋ።

«ግራውን።»

«ግራኝ ነበር» አለች፤ የራሷን እጅ ዘርግታ መዳፏን አየች፣ ቀስ ብላም ጨበጠችው።